ስካነር ከመኪናው ጋር አልገናኝም ሲል፦ ኮምፒዩተር ከመቀየሩ በፊት መፈተሽ ያለባቸው ነገሮች

ከጀልዱ ድንች፣ ከደንዲ ጤፍና ስንዴ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ጊንጪ ላይ ቢቆም ጉዳቱ የባለ መኪናው ብቻ አይደለም። የገበያው ቀን ያልፋል፤ ምርቱ ይበላሻል፤ ገበሬውም ነጋዴውም ይከስራሉ። መካኒኩ ስካነሩን ሰክቶ የብልሽት ኮድ ሲጠብቅ «ግንኙነት የለም» የሚል መልእክት ብቻ ከመጣ ደግሞ ችግሩ ይወሳሰባል። በዚህ ጊዜ በጥድፊያ የሚሰጠው ብይን «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ባለንብረቱም ያገለገለ ኮምፒዩተር ፍለጋ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ የስካነር ዝምታ ለኮምፒዩተር መቃጠል ማስረጃ አይሆንም። ከአንድ የተቃጠለ ፊውዝ (ቫልቮላ)፣ ከአንድ የዛገ የግራውንድ ሽቦ ወይም አይጥ ከበላው ገመድ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለማጣራት የሚያስፈልገው አንድ ቴስተርና ትዕግሥት ነው።

ዝምታው ምን ይናገራል?

ስካነር ብልሽትን በራሱ አይፈልግም። ለመኪናው ኮምፒዩተር ጥያቄ ይልካል፤ ኮምፒዩተሩ በማኅደሩ ያስቀመጠውን ኮድ ይመልስለታል። ይህ ንግግር እንዲካሄድ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ስካነሩ ጤናማና ለመኪናው የሚስማማ መሆን፣ የሚሰካበት ሶኬት ኃይል ማግኘት፣ የመገናኛ ሽቦዎቹ አለመቆረጥና አለመነካካት፣ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩ ራሱ መንቃት። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል በስካነሩ ላይ የሚታየው መልእክት ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ ይነሣል ወይስ አይነሣም የሚለው ነው። ኢንጀክሽኑ በኮምፒዩተር የሚመራ መኪና በደንብ እየተነሣና እየሄደ ስካነር ብቻ እምቢ ካለ የሞተሩ ኮምፒዩተር በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ጥፋቱ የሚፈለገው በስካነሩ፣ በሶኬቱ ወይም በሽቦው ላይ ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነና ቁልፉ ሲከፈት የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ኃይል ወይም ግራውንድ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

መኪናው ለስካነር የተሠራ ነው?

ዛሬ የተለመደው ባለ 16 ቀዳዳ የምርመራ ሶኬት አሜሪካ ውስጥ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ የሆነው ከእ.ኤ.አ. 1996 ሞዴል ጀምሮ ነው። በአውሮፓ ሥርዓቱ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ መኪኖች ከ2004 ወዲህ ተፈጻሚ ሆነ። ከዚያ በፊት የተመረቱ መኪኖች ሶኬቱ ቢኖራቸውም እንኳ በዘመናዊ ስካነር ቋንቋ ላይናገሩ ይችላሉ። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቶዮታዎችም ከተራ ስካነር ጋር የማይግባቡበት ጊዜ አለ።

እንዲህ ባሉ ቶዮታዎች ኮዱ ያለ ስካነርም ሊነበብ ይችላል። በብዙዎቹ ከኮፈኑ ሥር በሚገኘው የምርመራ ሣጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ተገናኝተው ቁልፉ ሲከፈት የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን በቁጥር ይነግራል። ሌላ ቀዳዳ በስህተት ማገናኘት ግን ጉዳት ስለሚያስከትል ይህ ሥራ የሚያውቀው ባለሙያ እጅ ይጠይቃል።

1ኤችዜድ ሞተር ያላቸውን ላንድክሩዘሮች የመሳሰሉ፣ የናፍጣ ፓምፓቸው በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ መኪኖች ደግሞ የሞተር ኮምፒዩተር የላቸውም። ለእነዚህ ስካነር ዝም ማለቱ ብልሽት አይደለም፤ የሚመልስለት ስለሌለ ነው። ብዙ የጭነት መኪኖች በ24 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸውም ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ስካነር መሰካት መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ስካነሩን ራሱን መፈተን ቀላል ነው፤ ሲሠራ በሚታወቅ ሌላ መኪና ላይ ይሰካል። በስልክ የሚነበቡ ርካሽ የብሉቱዝ መሣሪያዎች ሁሉንም የመኪና ቋንቋ ስለማይችሉ በእነሱ ብቻ ተመርኩዞ መወሰን ተገቢ አይደለም። ቁልፉም ቴፕ በሚከፍትበት ደረጃ ላይ ሳይሆን የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ እስከሚበሩበት መዞር አለበት።

ከሁሉ በፊት ኃይል

ሶኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ይገኛል። ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ሲታይ የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ይቆጠራል። ቀዳዳ 16 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ኃይል ነው፤ ቀዳዳ 4 እና 5 ግራውንድ ናቸው። የቴስተሩ ቀይ ጫፍ በ16፣ ጥቁሩ በ4 ላይ ሲያርፍ የባትሪው ቮልት መታየት አለበት። ከዚያም ጥቁሩ ወደ 5 ተዛውሮ ልኬቱ ይደገማል።

ምንም ቮልት ከሌለና ስካነሩም ጭራሽ ካልበራ ፊውዙ ይፈተሻል። በብዙ ቶዮታዎች የፊውዝ ሣጥን ክዳን ላይ «ኦቢዲ» የሚል ጽሑፍ በላቲን ፊደል ይገኛል። በሌሎች ብዙ መኪኖች ሶኬቱ ከሲጋራ መለኮሻው ጋር አንድ ፊውዝ ይጋራል። በመለኮሻው ውስጥ የወደቀ ሳንቲም ወይም የተበላሸ የስልክ ቻርጀር ፊውዙን ሲያቃጥለው መኪናው ያለ ችግር እየሄደ ስካነሩ ብቻ ይሞታል። ፊውዙ የሚተካው በዚያው አምፔር ነው። በፊውዝ ቦታ ሽቦ መጠምዘዝ እሳት መጋበዝ ነው፤ አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የተነካካ ሽቦ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ባትሪው ይለካል። ሞተሩ ጠፍቶ የቆየ ጤናማ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ ያደርሰዋል። ቮልቱ ከ11 በታች ሲወርድ አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ስካነሩም መልስ ያጣል።

ግራውንድ ለጊንጪና ለአካባቢዋ ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። የአካባቢው መረሬ አፈር በክረምት ውኃ አቁሮ ይይዛል፤ ጭቃው ከመኪናው ሥር ተጣብቆ ይከርማል። የግራውንድ ሽቦ ከሻንሲና ከሞተር ጋር የሚታሰርባቸው ቡሎኖች በዚህ ምክንያት ይዝጋሉ። ሽቦው በዓይን ሲታይ የታሰረ ቢመስልም ኤሌክትሪክ በሚገባ ላያሳልፍ ይችላል። ማረጋገጫው ቁልፉ ተከፍቶ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሶኬቱ ቀዳዳ 4 ላይ ማድረግ ነው። ቴስተሩ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ የግራውንዱ መስመር ይጠረጠራል። መፍትሔው ቡሎኑን ፈትቶ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማጥበቅ ነው።

የመገናኛ ሽቦዎቹ

ኃይልና ግራውንድ ደኅና ከሆኑ ምርመራው ወደ መገናኛ ሽቦዎቹ ይሻገራል። አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ መኪኖች የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ባደረገው «ካን» በተባለ መረብ ይሠራሉ። በዚህ መረብ የሞተሩ፣ የፍሬኑ፣ የኤርባጉና የሌሎች ክፍሎች ኮምፒዩተሮች በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ላይ አብረው ይነጋገራሉ። ሽቦዎቹ በምርመራ ሶኬቱ ላይ ቀዳዳ 6 እና 14 ናቸው።

በመረቡ ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ መከላከያዎች (ሬዚስተሮች) አሉ። ስለዚህ ባትሪው ተፈትቶ በ6 እና በ14 መካከል ሲለካ ጤናማው ውጤት 60 ኦም አካባቢ ነው። ውጤቱ 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ተለይቷል፤ ሽቦ ተቆርጧል ወይም አንድ ሶኬት ተነቅሏል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ከምርመራ ሶኬቱ አጠገብ መቆረጥ ሊኖር ይችላል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በሶኬቱና በመረቡ መካከል ሌላ ኮምፒዩተር እንደ በር ጠባቂ ስለሚቆም ቁጥሩ ሊለይ ይችላል፤ በእነዚህ የአምራቹን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ባትሪው ተመልሶ ቁልፉ ሲከፈት ሁለቱም ሽቦዎች ከግራውንድ ጋር ሲለኩ 2.5 ቮልት አካባቢ ያሳያሉ፤ 6 ትንሽ ከፍ፣ 14 ትንሽ ዝቅ ይላል። አንዱ ዜሮ ወይም 12 ቮልት ላይ ከቆመ መስመሩ ከግራውንድ ወይም ከባትሪ ኃይል ጋር ተነካክቷል።

ቀደም ባሉ ብዙ መኪኖች ንግግሩ የሚካሄደው በቀዳዳ 7 አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ይህ ሽቦ ወደ ባትሪው ቮልት የተጠጋ መጠን ሊኖረው ይገባል፤ ዜሮ ከሆነ የሆነ ዕቃ መስመሩን ይዞታል። በአንዳንድ የቮልስዋገን ሞዴሎች ከፋብሪካ ውጭ የተገጠመ ቴፕ ይህን መስመር ከግራውንድ ጋር አገናኝቶ ምርመራውን እንደሚዘጋ የታወቀ ነው።

ጥፋተኛውን መለየት የሚቻለው በማግለል ነው። በመጀመሪያ በኋላ የተገጠሙ ዕቃዎች ይነቀላሉ፤ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ ቴፕ። ከዚያ የየክፍሉ ኮምፒዩተሮች ተራ በተራ ከመስመሩ ይለያሉ። ኤርባግ ግን ባትሪው ተፈትቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ መነካት የለበትም። አንዱ ሲነቀል ስካነሩ መልስ ካገኘ ችግሩ እዚያ ነው።

5 ቮልቱን መዘንጋት አይገባም

የሞተር ኮምፒዩተር ለብዙ ሴንሰሮች 5 ቮልት ያከፋፍላል። ከሴንሰሮቹ አንዱ ውስጡ ቢበላሽ ወይም ሽቦው ተልጦ ቦዲ ቢነካ 5 ቮልቱ ይወድቃል፤ በአንዳንድ መኪኖች ኮምፒዩተሩም አብሮ ዝም ይላል። ይህ የ«ተቃጥሏል» ብይን በቀላሉ የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሴንሰሮቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት ድንገት ከበራ ጥፋቱ ያለው በመጨረሻ የተነቀለው ሴንሰር ወይም ሽቦው ላይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ጤናማ ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚጠረጠረው መቼ ነው?

ኮምፒዩተሩን መጠርጠር የሚገባው በራሱ መሰኪያ ላይ የሚገቡት የባትሪና የቁልፍ ኃይሎች በሙሉ መኖራቸው፣ ግራውንዶቹ ጥሩ መሆናቸው፣ የመገናኛ ሽቦው እስከ እሱ ድረስ ያልተቆረጠ መሆኑና 5 ቮልቱን የሚጎትት ሴንሰር አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲገዛም በላዩ የተጻፈው የዕቃ ቁጥር መመሳሰል አለበት። የጸረ ስርቆት ሥርዓት ባላቸው መኪኖች ከቁልፉ ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩ አይነሣም። ጥፋቱ ሽቦ ላይ እያለ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ አሮጌው ብልሽትም እንዳለ ይቆያል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉትን መኪኖች በአግባቡ ጠግኖ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ችግር ነጻ አይደሉም። ኮምፒዩተሮቻቸውን የምታነቃው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስለሆነች እሷ ስትደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው ዝም ሊል ይችላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ሽቦዎች ግን ለሕይወት አደገኛ ኃይል ስለሚያስተላልፉ ልዩ ሥልጠና በሌለው ሰው ሊነኩ አይገባም።

ከባለንብረቱ የሚጠበቅ

ባለ መኪናው ለመካኒኩ ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ እርዳታ ከብልሽቱ በፊት የተደረገውን በትክክል መናገር ነው። ሞተሩ በውኃ ታጥቦ ነበር? ባትሪ ከሌላ መኪና ሲበደር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተዛንፎ ነበር? የጭነት መኪናው አካል በኤሌክትሪክ ሲበየድ ባትሪው ተፈትቶ ነበር? መኪናው ከእህል መጋዘን አጠገብ ሳይንቀሳቀስ ከርሞ ነበር? እህል ያለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ደግሞ የሽቦ ልባስ ይበላል።

«ኮምፒዩተር ይቀየር» የሚል ብይን ሲሰጥ ባለንብረቱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ቢጠይቅ መብቱ ነው፦ በቀዳዳ 16 ላይ ስንት ቮልት ተገኘ? የግራውንዱ ልኬት ስንት ነው? በ6 እና በ14 መካከል ስንት ኦም አለ? በኮምፒዩተሩ መሰኪያ ላይ ኃይል መኖሩ ተለክቷል? ለእነዚህ በቁጥር መልስ ያለው መካኒክ ሥራውን ሠርቷል። መልስ ከሌለ ምርመራው አላለቀም፤ ኮምፒዩተር የሚገዛበት ጊዜም ገና አልደረሰም።