የትላኮሉላ እሑድ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምወስዳችሁ ደቡብ ሜክሲኮ፣ ዋሃካ ከተማ ነው።

በደረስኩ ማግስት አደባባዩ ዳር ካለ አንድ ቤት ምሳ በላሁ። የምግብ ዝርዝሩ በፎቶ ያጌጠ፣ ቂጣው ግን የፋብሪካ፣ የበቆሎ ጠረን የሌለው። ከፋኝ። ማታ ያረፍኩበትን ቤት የምታጸዳውን ሴት «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብላት መልሳ ወደዚያው አደባባይ ጠቆመችኝ። እንግዳ የሚሄደው እዚያ ነዋ! ጥያቄዬን ቀየርኩ። «እናንተስ እሑድ የት ትበላላችሁ?» አልኳት። ፊቷ በራ።

«ትላኮሉላ!» አለች።

ትላኮሉላ ከዋሃካ በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ እሑድ ገበያዋ ነው። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ሻሽ ያሰሩ የሳፖቴክ እናቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ሲጎርፉ አየሁ፤ ተከተልኳቸው። መጀመሪያ የተቀበለኝ የማገዶ ጭስ ነው። ቀጥሎ የእጅ ድምፅ፦ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። አንዲት እናት ሊጥ በመዳፋቸው እየጠፈጠፉ የሸክላ ምጣድ ላይ ያሳርፋሉ። ኮማል ይሉታል። እኛ ምጣዳችንን በጎመን ዘር እንደምናስሰው፣ እነሱ እንዳይዝ በኖራ ውሃ ይቀቡታል። እናቴን አየሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ነገሩ ሁሉ ያለው ኖራው ላይ ነው። በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩታል፤ ሲነጋ አጥበው ይፈጩታል። ኒሽታማል ይባላል። ገለባው ይለቃል፣ ሊጡ ይያያዛል፣ በቆሎው ውስጥ ታስሮ የኖረው ኒያሲን የተባለ ቫይታሚንም ይፈታል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወስደው ይህን ጥበብ ትተውት ሄዱ፤ ከዘመናት በኋላ በቆሎ ብቻ የሚበሉ ድሆቻቸው ቆዳ በሚያቆስል፣ አእምሮ በሚያናውጥ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቁ። የዚህ አገር ሴቶች ግን ላቦራቶሪ ሳይኖር መፍትሔውን ድስታቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። ትላኮሉላ ካለችበት ሸለቆ፣ ጊላ ናኪትስ ከተባለ ዋሻ፣ ከ6,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተገኝቷል። እኔ እዚያ ቂጣ ስቆርስ ይሄ ሁሉ ዘመን እጄ ላይ ነበር።

«ፓሳሌ፣ ፓሳሌ!» እያሉ የሥጋ ሻጮቹ ይጠራሉ፤ ግቡ፣ ግቡ ማለታቸው ነው። እኔ አሳማ አልበላም፤ በተሰባበረ ስፓኒሽ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሻጯ የድስቱን ክዳን ከፍተው «ቺቮ!» አሉኝ፤ ፍየል ነው። በርባኮዋ ይሉታል፤ ጉድጓድ ውስጥ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ፣ ከአቦካዶ ቅጠል ጋር ሌሊቱን ሲበስል ያደረ። ሥጋው በጣት ይበተናል። መረቁ በቺሌ ቀልቷል፤ አንድ ጊዜ ስጎነጭ አፌ አወቀው። የእኛም በርበሬ የዘር ሐረጉ ከዚሁ ምድር ነውና፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ እናቶቻችን ቤት የገባውን እንግዳ በተወለደበት ቀዬ አገኘሁት።

ማንኪያ አልሰጡኝም፤ አልጠየቅሁም። ቂጣውን ቆርሼ በእጄ ጠቀለልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እጄን አዩ፤ ምንም ሳይሉ የቂጣውን መሶብ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

እንግዲህ እናንተም መንገዱ ዋሃካ ካደረሳችሁ እሑድን ለትላኮሉላ አስቀሩ። በጠዋት ሂዱ፤ ፍየሉ ቶሎ ያልቃል።