የምትክ ዘማሪዎች ጎዳና

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት ግዛት፣ ዌልስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች (ከዌልስ አገር ጋር የምትመሳሰለው በአማርኛ አጻጻፍ ብቻ ነው)። ካቴድራሏን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓቷን አድንቆ ይመለሳል። በስተሰሜን በኩል ያለውን ቅስት በር ያለፈ ግን ከ600 ዓመት በላይ ሰው የኖረበት ጎዳና ውስጥ ይገባል፤ ቪካርስ ክሎስ ይባላል።

ቪካር ማለት ምትክ ነው። የካቴድራሉ ካኖናት (ባለ ማዕረግ ካህናት) ርቀው ሲሄዱ በእነሱ ፈንታ ቆመው የሚዘምሩ ምትኮች ነበሯቸው፤ ጸሎቱም በቀን ስምንት ጊዜ ይደርስ ነበር። ዘማሪዎቹ በከተማው ተበታትነው ስለሚኖሩ ሐሜት አላጣቸውም። ጳጳሱ ራልፍ መላ ዘየዱ። እ.ኤ.አ. በ1348፣ ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ እንግሊዝን በረገጠበት ዓመት፣ ዘማሪዎቹን በአንድ ቅጽር የሚሰበስብ ማኅበር መሠረቱ። በዚያው ዓመት የጋራ መመገቢያ አዳራሹ ተጠናቀቀ፤ ከዚያ 42 ቤቶች በሁለት ረድፍ ተሠሩ። ለአንድ ሰው አንድ ቤት፤ ታች አንድ ክፍል፣ ላይ አንድ ክፍል፣ እያንዳንዱ 6 ሜትር በ4 ሜትር ገደማ፣ የየራሱ ምድጃ ያለው።

ጎዳናው ዓይንን ያታልላል። ርዝመቱ 140 ሜትር ያህል ቢሆንም ከመግቢያው ሲታይ በጣም የረዘመ ይመስላል፤ የዘማሪዎቹ ጸሎት ቤት ወዳለበት ጫፍ ሲደርስ በ3 ሜትር ያህል ይጠባልና። ረጃጅሞቹ የጭስ ማውጫዎች በኋላ የመጡ ናቸው። ጳጳስ ቤኪንግተን በ1465 ሲሞቱ የኑዛዜያቸው አስፈጻሚዎች ከፍ አድርገው አሠሯቸው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሰንሰለት በር የሚባለው ድልድይ ነው። ቤኪንግተን በ1459 ገደማ ያሠሩት ይህ ድልድይ አዳራሹን ከካቴድራሉ ጋር ያገናኛል። ዘማሪው ከማዕድ ተነሥቶ፣ መንገዱን ከላይ ተሻግሮ፣ ከከተማው ሰው ጋር ሳይገናኝ መዘምራኑ ከሚቆሙበት ይደርሳል። ጭቃውም ሐሜቱም ታች ይቀራል።

ከፕሮቴስታንት ተሐድሶው በኋላ ካህናት ማግባት ሲፈቀድላቸው አንድ ቤት ለሚስትና ለልጆች ጠበበ። በጎረቤታሞች መካከል ያለው ግድግዳ እየፈረሰ ሁለቱ ቤት አንድ ሆነ፤ የቤቱ ቁጥርም ቀነሰ። ቁጥር 22 በውጭ ገጽታው የጥንቱን መልክ ከሌሎቹ ይበልጥ ጠብቋል።

ዛሬም አብዛኞቹ የካቴድራሉ ወንድ ዘማሪዎች የሚኖሩት እዚሁ ነው። የማታው ጸሎት ሲቃረብ በራቸውን ዘግተው፣ በድንጋይ ንጣፉ ቁልቁል ወርደው፣ ወደ ካቴድራሉ ይሻገራሉ።