የአውሬዎች ኮሜዲ፦ ከቤተ መንግሥት እስከ ቪዲዮ ቤት

በ1990ዎቹ የአየር ጤና ልጅ ፊልም በሲኒማ ቤት ልይ ቢል ረጅም መንገድ ይጠብቀው ነበር። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር የነበሩት ፒያሳ፣ ሲኒማ ራስ መርካቶ፣ አምባሳደርም መሀል ከተማ ነበር። ከጅማ መንገድ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የታክሲ ሳንቲም ብቻ ሳይሆን ይዞት የሚሄድ ታላቅም ያስፈልጋል። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ሁሉ የዚህ ሰፈር ልጅ ሲኒማም ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ደጃፉ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የዕለቱ ፊልም። ካራቴው ከህንዱ እየተፈራረቀ ይታያል፤ በመሀል ደግሞ ቶምና ጄሪ።

ወላጅ የሚፈርደው በቤቱ እንጂ በፊልሙ አልነበረም። ቪዲዮ ቤት የተገኘ ልጅ ከትምህርት ቤት ፎርፎ ከዱርዬ ጋር እንደዋለ ተቆጥሮ ይገረፋል። ቀበሌና ፖሊስም በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያሉትን ቪዲዮ ቤቶች ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር ደምረው የሚያሽጉበት ጊዜ ነበር። ያው ፊልም እቤት ሲታይ ግን ማንም ልብ አይለውም። «ካርቱን ነው» ከተባለ አለቀ።

የሚገርመው፣ በዚህች ከተማ የአውሬዎች ቀልድ መድረክ ላይ የወጣው ለልጆች አይደለም። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለውን ድርሰት አቀረቡ። መነሻቸው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ነበሩ። ከአውሬዎቹ ቆዳ ሥር ያለው ግን የዘመኑ ሹማምንት ብልሹ አሠራር ነው። መኳንንቱ ነገሩ አልጠፋቸውም፤ ቴአትሩም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አውሬ ስለተናገረ ጨዋታ ነው ብሎ ያለፈው የለም። ደራሲው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ናቸው፤ አውሬዎቹ ወዴት ያመለክቱ እንደነበር ከዚህም ይገመታል።

ላ ፎንቴን ራሱ የመጀመሪያዎቹን ተረቶች እ.ኤ.አ. በ1668 ሲያሳትም ያበረከተው የስድስት ዓመት ልጅ ለነበረው ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ አልጋ ወራሽ ነው። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ግን ሩሶ «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ተነሳበት። በቁራና በቀበሮ ተረት ቁራ በውዳሴ ተታልላ አይቧን ትጥላለች፤ ትምህርቱ «አትታለል» ነው ይባላል። ሩሶ ግን ልጁ የሚወደው ቀበሮውን እንጂ ቁራዋን አይደለም፣ የሚማረውም ማታለልን ነው ብሎ ተከራከረ። ለትንንሽ ልጆች የእንስሳት ኮሜዲ ለመመዘን ዛሬም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል፦ ልጁ ማንን ሆኖ ነው የሚስቀው?

የአገራችን ተረት ይህን ችግር የፈታው በተራኪው ነው። ጦጣ ነብርን ስታሞኝ፣ ጅብ በሆዳምነቱ ሲዋረድ፣ አያት የልጁን ፊት እያየች ትተርካለች። ከፈራ ጅቡን ቶሎ ታባርርለታለች፤ ከደፈረ ታስረዝመዋለች። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሥራ ሲጀምር ይህን ወግ ወደ መስኮቱ ያስገቡት አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ፣ ናቸው። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን ሴት ሆነው ይጫወቱ የነበሩት እኚህ ሰው በ«የልጆች ጊዜ» ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን ከፊታቸው አስቀምጠው ተረት ተረኩ። በ2009 ሲያርፉ ያዘነላቸው ሕዝብ በሦስት ትውልድ የሚቆጠር ነበር።

ቶምና ጄሪ ሲመጡ ተራኪ አያስፈልጋቸውም። ሃና እና ባርቤራ እ.ኤ.አ. በ1940 የጀመሯቸው እነዚህ አጫጭር ፊልሞች ንግግር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያለ ትርጉም የሚሄዱትም ለዚህ ነው። ነገር ግን የተሠሩት ሲኒማ ቤት ገብቶ ዋናውን ፊልም ለሚጠብቅ ትልቅ ትንሽ ሁሉ ነበር። መጥበሻ፣ ዲናሚት፣ ሲጋራ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብሪታንያ ውስጥ አንድ ተመልካች ስለ ሲጋራው አቤት ብሎ ስርጭቱን የያዘው ኩባንያ ማጨስን የሚያወድሱ ትዕይንቶችን ለመቁረጥ ተስማማ። ስለ መጥበሻው የተቆረጠ የለም! ከዚህ የባሰም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ፍሪትዝ ዘ ካት» ድመት ባለታሪኩ ሆኖ፣ በአሜሪካ ለልጆች ፈጽሞ የተከለከለውን የኤክስ ደረጃ ያገኘ የመጀመሪያው የካርቱን ፊልም ነው።

በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በየጣሪያው ላይ የሳተላይት ሳህን ተተከለና ልጆች የዓረብኛ ካርቱን ከነቋንቋው ይሸመድዱ ጀመር። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ደግሞ ከባልደረቦቿ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አመጣች። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ታሳስቃለች፣ ግን በማንም ላይ አይሳቅም። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ፕሪ ዠኔስ እና የጃፓን ሽልማት የተባሉትን ሽልማቶች አግኝቷል። የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅም ለልጆች የማይስማማ ስርጭት ልጆች በሚያዩበት ሰዓት እንዳይተላለፍ ደነገገ። አዋጁ የሚይዘው ጣቢያን እንጂ ቪዲዮ ቤትን አልነበረም፤ በፍላሽና በስልክ የሚዞረውን ፊልም ደግሞ ጭራሽ አይደርስበትም ነበር።

ዛሬ በፍላሽ ከሚጫኑት አንዱ «ዙቶፒያ» ነው፤ የ2016 (እ.ኤ.አ.) የዲስኒ ፊልም። አሜሪካ ውስጥ የወላጅ ምክር ያሻዋል የሚል ደረጃ ተሰጥቶታል። ጥንቸሏ ፖሊስ ስትሆን ልጅ ሁሉ ይፈነጥዛል፤ ልብስ የማይለብሱ እንስሳት ክበብ ሲመጣ የሚያፍረው አዋቂው ነው፣ ሕፃኑ እንስሳ መቼ ለብሶ ያውቃል? የሥጋ በሎችን ስም አጥፍታ ሥልጣን የምትይዘው በግም ለአዋቂ የተቀመጠች ናት፤ የዘውዲቱ መኳንንት ቢያዩዋት አያልፏትም ነበር። የሚያሰጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ጨዋው ጥቁር ጃጓር ድንገት አውሬ ሆኖ በጨለማ ጫካ ውስጥ የሚያሳድድበት ክፍል። የስምንት ዓመት ልጅ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ሆኖ ይደሰትበታል። የአራት ዓመቱ ግን ጭራና ጆሮ ስላየ ብቻ ከፊቱ ሊደቀንበት አይገባም፤ ቢያንስ ያን ክፍል የሚያሳልፍለት ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።