የውጭ ዕውቀትና የጁባ አነስተኛ ንግዶች

በደቡብ ሱዳን መዲና በጁባ አነስተኛ ንግዶች አሠራራቸውን ያሻሻሉበትን ዕውቀት በአብዛኛው ያገኙት ከአካባቢው አገሮች ከመጡ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ነው። ከተማዋ ከእ.ኤ.አ. 1983 እስከ 2005 በዘለቀው ጦርነት የጦር ሰፈር ሆና ስለቆየች የሆቴል፣ የጥገናና የግንባታ ሙያ እጅግ ተመናምኖባት ነበር።

ጦርነቱን ያበቃው የሰላም ስምምነት በ2005 ሲፈረም በነጭ ዓባይ ዳርቻ ከድንኳንና ከተገጣጣሚ ኮንቴይነር የተሠሩ ሆቴሎች በቀሉ። ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ኬንያውያንና ኡጋንዳውያን ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን የሥራ ልማዳቸውንም ይዘው ገቡ። ጠዋት ከዕቃ ቤት የወጣውን ዱቄትና ዘይት መዝግቦ ማታ ከሽያጩ ጋር ማመሳከር፣ ሥጋው እንዳይበላሽ የጄኔሬተሩን ሰዓት ከማቀዝቀዣው ጋር ማጣጣም፣ ይህን የመሰለው ዕውቀት ጎን ለጎን ሲሠሩ የሚለመድ ነው። የኬንያው ኬሲቢ ባንክ በ2006፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ በ2009 በጁባ ቅርንጫፍ ከፈቱ። የ192 ኪሎ ሜትሩ የጁባ–ኒሙሌ አስፋልት መንገድ በ2012 ሲጠናቀቅም በከተማዋ ላለው ለኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከኡጋንዳ የሚመጣው ዕቃ በፍጥነት ይደርስ ጀመር።

ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ድርጅት የውጭ ዕውቀትን ለይቶ ሥራ ላይ ማዋል የሚችለው ቀድሞ ባካበተው ዕውቀት መጠን እንደሆነ አስረድተዋል። ጥናቱ ያተኮረው የምርምር ክፍል ባላቸው ኩባንያዎች ላይ ቢሆንም ለጁባ ሱቅም ይሠራል፤ መዝገብ ማንበብ የማይችል ሠራተኛ የመዝገብ አያያዝን ሊወርስ አይችልምና። በጃፓኑ የልማት ድርጅት ጃይካ የተደገፈው የጁባ የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ መኪና ጥገናን፣ አናጢነትንና ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ ሙያዎችን ለሀገሬው ወጣት አስተምሯል።

ዕውቀቱ በሰው ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ሰው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 በጁባ ውጊያ ሲነሳ ብዙ የውጭ ዜጎች ከተማዋን ለቀው ወጡ። በሁለቱ ውጊያዎች መካከል፣ በመስከረም 2014፣ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሆቴሎችንና ባንኮችን ጨምሮ ድርጅቶች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ የውጭ ሠራተኞችን በደቡብ ሱዳናውያን እንዲተኩ አዘዘ፤ ትእዛዙም በቀናት ውስጥ ተለሳለሰ። የሀገሬውን ወጣት ወደ ሥራ የማስገባቱ ሐሳብ ተገቢ ነበር፤ አንድ ወር ግን ሥራን ከባለሙያ ለመረከብ አይበቃም።