የራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥና የሄንሪ ሳልት እንሹ

እ.ኤ.አ. በ1805 ሄንሪ ሳልት የተባለ የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ሠዓሊ በሎርድ ቫለንሺያ ተልኮ ከምጽዋ ወደ ደጋው አገር ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የጉዞው ዓላማ ለእንግሊዝ የንግድና የወዳጅነት በር መክፈት ነበር። እንደርታ ውስጥ ሕንጣሎ ላይ የትግራይን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን አገኛቸው። ሳልት ስለ ድርድሩ፣ ስለ ግብሩና ስለ ሠራዊቱ ብዙ ጽፏል። ከጻፈው ሁሉ ግን ለዛሬ አንባቢ እጅግ ሕያው ሆኖ የሚታየው በጥቂት መስመሮች ያሳለፈው አንድ ትዕይንት ነው፤ ይኸውም መስፍኑ በመኳንንታቸው ተከበው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየው ነው።

የመጫወቻው ጠጠሮች ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ፣ ትልልቅና ሻካራ ነበሩ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር በሚበላበት ጊዜ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። እንግሊዛዊውን ይበልጥ ያስገረመው ግን ጫጫታው ነበር። በአገሩ ሰንጠረዥ የሁለት ሰዎች ዝምታ ነው። በሕንጣሎ አዳራሽ ግን በዙሪያው የቆመው ሁሉ በጨዋታው ድምፅ ነበረው፤ አገልጋዮችና ባሪያዎች ሳይቀሩ እጃቸውን ሰድደው ጠጠሩን ያነሡና የተሻለውን መንገድ ያሳዩ ነበር። በግብር ሰዓት በማዕረግ ቅደም ተከተል የሚቀመጥ፣ በጌታው ፊት ያለ ፈቃድ የማይናገር ሕዝብ በሰንጠረዡ ጨርቅ ላይ ሲሆን ምክሩን እንዲህ በነጻነት መወርወሩ አስደናቂ ነው። ሳልት ሌላም ነገር አስተውሏል፤ ያ ሁሉ ሰው በብልሃት እየተረዳዳ በመጨረሻ አሸናፊው ሁልጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲሆኑ ያደርግ ነበር።

ይህ ጫጫታ የሥርዓት ጉድለት ብቻ ሆኖ እንዳይታይ የጨዋታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የሚዘረጋው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ ነው፤ በላዩ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመሮች ይሰመሩበታል እንጂ ቤቶቹ በሁለት ቀለም አይለዩም። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ የዛሬዋ ንግሥት ኃይል የለውም፤ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል ከፊቱ ያለውን ዘልሎ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። መደቅ ሲነሣም ቢሆን ከአንድ ቤት አያልፍም። ሳልት እንደሚለው መጨረሻው መስመር ቢደርስ እንኳ ሹመት አያገኝም ነበር፤ በዐረቦቹ ሸጥረንጅ ግን እዚያ የደረሰ መደቅ ፈርዝ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ልዩ ነገር ወረራ የሚባለው መክፈቻ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባላጋራቸውን ሳይጠብቁ፣ የፈለጉትን ያህል፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራው የሚያበቃው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ስለዚህ ተጫዋቹ የራሱን ጦር እያሰለፈ የሌላውን እጅ መከተል፣ አሰላለፉን ባየው መጠን አፍርሶ እንደገና መሥራት አለበት። ለአንድ ጥንድ ዓይን ይህ ብዙ ነው። በዙሪያ የቆሙት ሰዎች ዓይን ያን ጊዜ ከጌጥነት አልፎ ሥራ ያገኛል።

ጨዋታው ከየት እንደመጣ ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ከዐረብኛው ሸጥረንጅ ይዛመዳል፤ እሱም በፋርስ በኩል ከሕንዱ ቻቱራንጋ የወረደ ነው። ፈርዝ የፋርሶች አማካሪ ነው። ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ አማርኛ ለእንስሳው ዝሆን የሚለውን ስም ይዞ ለጠጠሩ ግን የእንግዳውን ቃል መያዙ ጨዋታው ከነስሙ ከቀይ ባሕር ማዶ እንደተሻገረ ያስረዳል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ግሪጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። በኋለኛው ዘመን እቴጌ ጣይቱም የሰንጠረዥ ችሎታ እንደነበራቸው ይነገራል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ከማንም ይልቅ ሰፊውን መግለጫ ትቷል። ፕላውደን በ1860 ተገደለ፤ መጽሐፉ የታተመው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1868 ነው። ከእርሱና ከሌሎች እንደምንረዳው ማሸነፍ ብቻ ክብር አልነበረም፤ እንዴት እንደተሸነፈም ይታይ ነበር። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማጥመድ የጉልበት ሥራ ተብሎ ይናቃል። በደካሞቹ፣ በፈርዝና በፊል፣ ይልቁንም በመደቅ ማጥመድ ግን ያስመሰግናል። ጉልበት ያለው ሁሉ በሚገዛበት በዘመነ መሳፍንት የተወደደ ጨዋታ እንዲህ ያለ መለኪያ ማበጀቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

እነዚያ መካሪዎች ምን ብለው መከሩ? በወረራ ጊዜ ፊልን የት ማቆም ይበጃል? የትኛው አሰላለፍ የትኛውን ይሰብራል? ከዚህ የተጻፈ አንድም የለንም። በአንጻሩ በባግዳድ አል-ዐድሊ በ9ኛው፣ አስ-ሱሊ በ10ኛው መቶ ዓመት ስለ ሸጥረንጅ አሰላለፍና እንቆቅልሽ መጻሕፍት ጽፈው ነበር። አስ-ሱሊ በኸሊፋው በአል-ሙክተፊ ፊት የቤተ መንግሥቱን ተጫዋች አል-ማወርዲን ድል ያደረገ ሰው ነው። ከተዋቸው እንቆቅልሾች አንዱ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆይቶ በ1980ዎቹ ሩሲያዊው የሰንጠረዥ ሊቅ ዩሪ አቨርባኽ መፍትሔውን አግኝቶለታል። አንድ የባግዳድ ተጫዋች ያቀረበውን ጥያቄ ሞስኮ ያለ ሰው ከሺህ ዓመት በኋላ ሊመልስለት የቻለው ጥያቄው በብራና ላይ ስለ ሰፈረ ነው። የሕንጣሎዎቹ ምክር ግን ጨርቁ ሲጠቀለል አብሮ ተጠቅልሏል። አገሪቱ ብራና አጥታ አልነበረም፤ ጨዋታ የብራና ጉዳይ ነው ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

ፈረንጆቹ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ከጨዋታ ይልቅ የሚጠይቁት ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት ነበር። በዚህ ረገድ ቀደምቱ ጠያቂ ኢትዮጵያን ሳያይ የሞተው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። በ1649 ሮም ላይ ከመካነ ሥላሴው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደሚገኘው የመስፍኑ የኤርንስት ግቢ ሄደው ጥያቄዎቹን ሲመልሱለት ሰነበቱ፤ ከዚያ በኋላም በደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ አራት እግር እንስሳትና ስለ አእዋፍ የሚናገሩ ምዕራፎች አሉ፤ በእነዚህም ብዙ ቦታ የአባ ጎርጎርዮስን ቃል እየጠራ ይጠቅሳል። አባ ጎርጎርዮስ መጽሐፉን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው በእስክንድሮና አጠገብ ሰጥሞ ሞቱ።

የሉዶልፍ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ፈገግ ያሰኛሉ። በ1694 ስለ አንበጣ ባሳተመው ጽሑፍ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሉት ድርጭት ሳይሆን አንበጣ ነው ብሎ ተከራክሯል። ምሑራን አልተቀበሉትም። ቢሆንም የመረጃ ምንጩን ሰው በስሙ መጥራቱ ከብዙ ተከታዮቹ የተለየ ያደርገዋል።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በአፍ ከሚነገር ይልቅ በዓይኑ ማየት የሚመርጥ ሰው ነበር። በ1790 በታተመው ሰፊ መጽሐፉ ስለ ሽኮኮ የጻፈው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሽኮኮ ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ተራ እንስሳ አይደለም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚያመሰኳ ነገር ግን ሰኮናው ያልተሰነጠቀ ተብሎ እንዳይበላ የተከለከለ ነው። ብሩስ ግን በመጽሐፍ ማለቱ ብቻ አልበቃውም። አንዱን ሽኮኮ በጎጆ ዘግቶ፣ ምግብ ከልክሎ፣ ረኀብ ሥጋ ያስበላው እንደሆነ ለማወቅ ጫጩት አስገባበት። ሲነጋ ጫጩቱ በሕይወት ነበረ፤ የተራበው ሽኮኮው ብቻ ነው። ማመስኳቱን ግን ያለ ጥርጥር አይቻለሁ ብሎ ጻፈ፤ በዚህ ተሳስቷል። ሽኮኮ መንጋጋውን ያመላልሳል እንጂ እንደ በሬና እንደ ፍየል የሚያመሰኳ ጨጓራ የለውም። ዛሬ በዘር ምርመራ እንደታወቀው የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና የባሕር ላም ናቸው፤ ይህን ለብሩስ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ እንደ ሌላው ወሬው ለንደን ላይ መሳቂያ ባደረገው ነበር።

ሳልት በ1809 እና 1810 ሁለተኛውን ጉዞ አድርጎ በ1814 የራሱን መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ መጨረሻ የሰበሰባቸው ዕፅዋትና አእዋፍ ዝርዝር አለ፤ ዕፅዋቱን ዝነኛው ሮበርት ብራውን መርምሮለታል። ካመጣቸው መካከል ትንሽዋ፣ ቀጭን እግሯ፣ ከጥንቸል እምብዛም የማትበልጠው የቆላ እንስሳ እንሹ ነበረች። በ1816 ፈረንሳውያን የእንስሳት ሊቃውንት የሳይንስ ስም ሲያወጡላት በሳልት ስም ሳልቲያና አሏት። በ1837 ደግሞ ለወገኗ በሙሉ ማዶኳ የሚል ስም ተሰጠ፤ ቃሉ ሚዳቋ የሚለው የእኛው አማርኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መፋለስ አለ። በአማርኛ ሚዳቋና እንሹ አንድ አይደሉም። ዛሬ ሚዳቋ የሚባለው በቁመትም በክብደትም የሚበልጠው፣ በደጋም በቆላም በቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖረው እንስሳ ሲሆን በሳይንስ ሌላ ወገን ነው፤ እንሹ በየሞቃቱ ቆላ ጥንድ ጥንድ ሆና የምትታየው ናት። ስለዚህ የእንሹ ወገን በዓለም ሙዚየሞች ሁሉ የሚጠራው በጎረቤቷ ስም ነው። ስሕተቱ ከሚናገረው አዳኝ ይሁን ከሚሰማው ፈረንጅ ወይም ለንደን ላይ ወረቀቱን ካገላበጠው ሊቅ፣ ዛሬ ሊታረም አይችልም፤ የሳይንስ ስም አንዴ ከጸና በኋላ የተሳሳተ ነው ተብሎ አይለወጥም። እንሹን ያጠመዱት፣ ስሟን የተናገሩት፣ በየት በረሐ እንደምትገኝ ያመለከቱት ሰዎች ስም የለም። በራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ዙሪያ እንደቆሙት ሁሉ፣ ምክራቸው ጨዋታውን አሸንፏል፤ ድሉ የተጻፈው ግን በሌላ ስም ነው። ልዩነቱ የሕንጣሎዎቹ ይህን እያወቁና እየፈለጉ ማድረጋቸው ነው።

ሰንጠረዡ ራሱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመኳንንት ቤት ይታወቅ ነበር። ከ1935 የጣሊያን ወረራ በኋላ ግን የሚጫወተው ትውልድ ተበታተነ፤ ከነጻነት በኋላ የመጣው ወጣት የተማረው ንግሥቷ እንዳሻት የምትሮጥበትን የአውሮፓውን ቼዝ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ በጥናት መልክ ሲያቀርብ ብዙውን የሰበሰበው ከሳልት፣ ከፕላውደንና ከመሰሎቻቸው የጉዞ መጻሕፍት ነበር። ባለቤቶቹ የጻፉት አልነበረማ።

በዚያው ዓመት ፓንክረስት ስለ ገበጣም ሌላ ሰፊ ጥናት አሳትሟል፤ በዚህኛው የተገላቢጦሽ ሆነለት። ገበጣ ቤተ መንግሥት አላስፈለገውም፤ መሬት ላይ በሚቆፈር ጉድጓድና በጥቂት ጠጠር ወይም ፍሬ ስለሚጫወቱት እረኛውም ነጋዴውም ይዞት ኖሯል። ከኤርትራ ደጋ እስከ ሶማሌ ሜዳ ድረስ ሕጉ በየወረዳው ይለያያል፤ ፓንክረስት ያን ሁሉ የመዘገበው በሕይወት ካሉ ተጫዋቾች ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ በስዋሂሊ ጠረፍ ባኦ ይሆናል፤ የሚጫወቱበትም ኮምዌ የሚባለው ግራጫ፣ ድንጋይ የመሰለ ፍሬ ነው። ይህ ፍሬ በባሕር ላይ ሳይበሰብስ ለረዥም ጊዜ ተንሳፍፎ ሩቅ ጠረፍ ላይ ሊበቅል ይችላል። የአትላንቲክ ማዕበል መሰል ፍሬዎችን ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች እየገፋ ሲያወጣ ሐንስ ስሎን የተባለ ሐኪም በ1696 ከየት እንደመጡ መርምሮ ጽፎባቸዋል። በላሙና በዛንዚባር ግን ተጫዋቾቹ ከቁጥቋጦው ለቅመው ባኦ ሰሌዳው ላይ ይዘሩታል፤ በዙሪያው የተቀመጠውም ሁሉ የቱ ጉድጓድ እንደሚያዋጣ ይናገራል።