የኮዙሜል ጣዝማና የሰም ግብር

የመዝናኛ መርከቦች ከሜክሲኮ የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ምሥራቃዊ ጠረፍ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ኮዙሜል ደሴት ማለዳ ተጠግተው ማታ የሚነሡ ስለሆኑ፣ ልጆቹንና አረጋውያን ወላጆቹን አስከትሎ የሚወርደው ጎብኚ የማያን ሕዝብ ጥንታዊ ኑሮ የሚያየው ባሕሩና ገበያው ካስተረፉለት ሰዓት ላይ ቆርሶ ነው። ስለዚህም አስጎብኚዎቹ ብዙውን በጥቂቱ ጠቅልለው ያቀርቡለታል፤ የበቆሎ ቂጣ በምጣድ ይጋገርለታል፣ ቃጫ ተፍቆ ይገመድለታል፣ ካካዎ ይፈጭለታል፣ የኮፓል ዕጣንም ይታጠንለታል። ይህን ሁሉ አልፎ በሣር ክዳን ሥር ወደ ተደረደሩት አጫጭር ግንዶች ሲደርስ፣ ልጆቹ «አይናደፉም» ተብለው ጣታቸውን ወደ ቀዳዳው ሲያስጠጉ፣ አባትየው በአብዛኛው ሰዓቱን ይመለከታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከትርኢቱ ሁሉ ከባዱን ታሪክ የተሸከመው ይህ የመጨረሻው ነው።

ከአንድ ክንድ ጥቂት የሚረዝመው ግንድ ውስጡ ተቦርቡሮ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በክብ እንጨት ወይም በክብ ድንጋይ ተከድነው፣ ዙሪያቸውም በጭቃ ተመርጎ፣ በጎኑ መካከል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ትቀርለታለች፤ ከበላይዋም አንዳንድ ጊዜ መስቀል ተቀርጾ ይታያል። ቀርቦ ያስተዋለ ሰው የአንዲት ንብ ራስ ቀዳዳዋን ልክክ አድርጎ ዘግቷት ያያል፤ ከመስክ የተመለሰች እኅቷ ስትመጣ ዘበኛይቱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ታሳልፋታለች፣ ወዲያውም ተመልሳ በሩን በራሷ ትደፍነዋለች። ማሩ የሚገኘው እኛ በምናውቀው የማር እንጀራ ሳይሆን እርስ በርስ በተጣበቁ ክብ የሰም ማድጋዎች ውስጥ ነውና፣ አርቢው የማድጋዎቹን ሆድ ነድሎ ግንዱን ሲያዘነብለው ቀጭኑ ማር ወደ ቅሉ ይወርዳል። የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ጣዝማን ማስታወሱ አይቀርም፤ ማያዎች ሹናን ካብ የሚሏት ይህች መናደፊያ የሌላት ንብ በእርግጥም የጣዝማ ዘመድ ናት፣ ማሯም እንደ ጣዝማ ማር ከምግብነቱ ይልቅ በመድኃኒትነቱ ይፈለጋል። የእኛይቱ ግን ከመሬት ውስጥ ተቆፍራ የምትወጣ ስትሆን፣ የዩካታን ሰዎች የእነርሱይቱን ከዱር አምጥተው በጓሯቸው ካኖሯት ብዙ ምዕት ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ግንድ በዓመት የሚሰጠው ከ1 እስከ 2 ሊትር ቢሆን ነው።

ግንዱ ይበሰብሳል፤ የድንጋይ ክዳኑ ግን አይበሰብስም። በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮዙሜል ፍርስራሾች መካከል ቁፋሮ ያካሄዱ የሥነ ጥንት ሊቃውንት እነዚያን ክብ ድንጋዮች ከመሬት ሥር አግኝተዋል። ደሴቲቱ ስፓንያውያን ከመምጣታቸው በፊት የወሊድ ጠባቂ ናት ተብላ ትመለክ የነበረችው የኢሽቼል መካነ ስለት ነበረች፤ ከየብሱ በታንኳ ተሻግረው ይሳለሟት የነበሩት ሰዎች ነጋዴዎችም ነበሩና፣ የዩካታን ማርና ሰም ከጨውና ከጥጥ ልብስ ጋር እስከ ሆንዱራስ ድረስ ሄዶ በካካዎ ይለወጥ ነበር። በ1518 ኁዋን ደ ግሪኻልቫ በደሴቲቱ ሲያርፍ አብረውት የነበሩት ስፓንያውያን የንብ ቀፎዎችን፣ ማሩንና ሰሙን አይተው ጽፈዋል፤ መልካም ዕቃ ያየ ባዕድ እንዲህ በጥንቃቄ ሲጽፍ ደግሞ ለባለቤቱ የሚበጅ ነገር ይከተላል ማለት ያስቸግራል።

በ1519 ስፓንያዊው የጦር አዝማች ኮርቴዝ መጣ፤ ፈንጣጣም ተከተለ። በ1570 በደሴቲቱ ላይ የቀረው ሕዝብ 400 እንኳ አይሞላም ነበር። በየብሱ ላይ ደግሞ ከፍራንሲስካውያን ማኅበር የሆነው መነኩሴ ዲየጎ ደ ላንዳ በሐምሌ 1562 በማኒ ከተማ ጣዖታትንና 27 የማያን መጻሕፍት ሰብስቦ በእሳት አቃጠለ። በኋላም ጳጳስ የሆነው ይኸው ሰው ስለ ንብ አርቢዎች በዓላት ዛሬ የምናውቀውን አብዛኛውን ጽፎ ያቆየልን መሆኑ የሚያስገርም ነው። በማያዎች አቆጣጠር በጼክ ወር አርቢዎቹ ለንብ ጠባቂው አምላክ መሥዋዕት እንደሚያቀርቡ፣ ባለ ቀፎዎቹ ሁሉ ማር እያዋጡ መጠጥ እንደሚጠጣ፣ በሞል ወር ደግሞ ለንቦቹ አበባ እንዲበዛላቸው እንደሚለምኑ የነገረን እርሱ ነው። መጠጡም ማር በውኃ ተበጥብጦ፣ እኛ ጌሾ እንደምንጨምርበት የባልቼ ዛፍ ልጥ እየተጨመረበት የሚጠመቅ ነበርና፣ ካህናቱ የባዕድ አምልኮ መጠጥ ነው ብለው ከለከሉት። ከእሳቱ ካመለጡት ጥቂት መጻሕፍት አንዱ፣ ዛሬ በማድሪድ የሚገኘው፣ 10 ያህል ገጾቹን የሰጠው ለንቦች ነው።

መጠጡን የከለከለች ቤተ ክርስቲያን ግን ሰሙን አልከለከለችም፤ መሠዊያ ያለ ሻማ አይቆምምና። ሰም ከጥጥ ልብስ ጋር የሕዝቡ ግብር ሆኖ ተጣለ፤ ከግብሩም በላይ አገረ ገዥዎቹ ለየመንደሩ አስቀድመው ጥቂት ገንዘብ በግድ እያደሉ፣ ዕዳውን በርካሽ ዋጋ በተተመነ ሰም ያስከፍሉ ነበር። በግንድ ቀፎ ያለው መንጋ ለዚህ ሁሉ ሰም ስለማይበቃ፣ የመንደሩ ወንዶች እርሻቸውን ትተው የዱር ንብ ፍለጋ ወደ ጫካ ይዘልቁ ነበር። ያ ብርሃን በምን ላብ እንደ በራ በካቴድራሎቹ ውስጥ ቆሞ የሚያደንቅ ሰው አይጠረጥርም፤ ወደቡ ላይ ያለው አስጎብኚም ይህን አያወራም፤ ልጆች ለሚሰሙት ጨዋታ የሚሆን ነገር አይደለም ብሎ ይሆናል፤ እኔ ግን ልጆች የሚገባቸው ነገር ይመስለኛል።

በ1847 የዩካታን ማያዎች በታላቅ ዐመፅ ተነሡ። ከጦርነቱ የሸሹ ቤተሰቦች ባዶ ወደ ቀረችው ኮዙሜል ተሻግረው እንደ ገና አቀኗት፤ ስለዚህ የዛሬው የደሴቲቱ ሕዝብ ለኢሽቼል ይሰግዱ ከነበሩት የሚወርድ ሳይሆን ከስደተኞች የተወለደ ነው። ዐመፀኞቹ በበኩላቸው በምሥራቁ ጫካ ውስጥ ቻን ሳንታ ክሩዝ የተባለችውን ከተማ መሥርተው፣ የሜክሲኮ ሠራዊት በ1901 እስኪይዛት ድረስ ራሳቸውን ችለው ኖሩ። የግንድ ቀፎ እስከ ዘመናችን ከደረሰባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ጫካ ነው። ያጠፋውም ኋላ የመጣው ነው፤ ብዙ ማር የምትሰጠው የአውሮፓ ንብ ገባች፣ ጫካው ተመነጠረ፣ በመስከረም 1988 ጊልበርት የተባለው ዐውሎ ነፋስ ዛፉን ገነደሰው፣ በእነዚያው ዓመታትም ከአፍሪካ ዘር የተዳቀለችው ንብ ከደቡብ መጥታ አበባውን ተሻማች። በ20ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ሩብ ውስጥ በዚያ አገር ከ10 ግንዶች ከ9 የሚበልጡት ባዶ ቀሩ።

አንዳንዶች በወደብ የሚታየውን ሁሉ ለገንዘብ የተቀነባበረ ቴአትር ነው ብለው ይንቁታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። መድኃኒት ነው እየተባለ በትንሽ ብልቃጥ ለእንግዳ የሚሸጠው ማር ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በየብሱ መንደሮች በማኅበር የተደራጁ ሴቶች አያቶቻቸው የተዉትን ሥራ እንደ ገና ይዘዋል። አንዱን መንጋ ከፍለው ሁለት ለማድረግ፣ የእጭ ሰፈፉን እኩሌታ አንሥተው በአዲስ ቤት ያኖራሉ። አዲሱ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ከሳንቃ የተሠራ ሣጥን ነው፤ ለቀፎ የሚሆን ወፍራም ግንድ እንደ ልብ አይገኝምና፣ ሣጥኑም ለመክፈትና ለመክፈል ይቀላል፤ ግንዱን የሚፈልገው ጎብኚው ነው።