አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ካርድ፦ በዘር የሚተላለፉ የመተንፈሻ አካልና የጆሮ ሕመሞችን በሐዋሳ በጊዜ ስለመለየት

አኅፅሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ የመተንፈሻ አካልንና ጆሮን አብሮ የሚጎዳውን ውርስ የሲሊያ መዛባት ይመረምራል። በሐዋሳ ሕመሙን ለመጠርጠር ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ ስለ እህትና ወንድም በሥርዓት የሚጠየቅ የቤተሰብ ታሪክ መሆኑንም ይሟገታል።

የሕመሙ ምንነት

የአፍንጫ፣ የሳንባ ቧንቧና የመካከለኛው ጆሮ ውስጠኛ ገጽ ሲሊያ በተባሉ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላት የተሸፈነ ነው። ሲሊያዎች በኅብረት እየተወዛወዙ አቧራና ተህዋስ የያዘውን አክታ ጠርገው ያወጣሉ። መዋቅራቸውን ከሚገነቡት ዘረመሎች አንዱ ሲበላሽ ጠረጋው ይዳከማል ወይም ይቆማል። ያን ጊዜ አክታ በሳንባ ይከማቻል፤ ሳይነስ ይቆጣል፤ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይቋጠርና የመስማት አቅም ይቀንሳል።

ማነስ ካርታግነር በ1933 እ.ኤ.አ. የሳይነስ ሕመም፣ የሳንባ ቧንቧ መስፋትና የውስጥ አካላት ግራ ቀኝ መገላበጥ አብረው የሚታዩባቸውን ሕሙማን ገለጸ። ስዊድናዊው ብዮርን አፍዘሊየስ ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. መንስኤው የሲሊያ አለመንቀሳቀስ መሆኑን አሳየ። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቀኝ በኩል ይገኛል።

ወደ ጎን የሚጠየቅ የዘር ታሪክ

ውርሱ በአብዛኛው ድብቅ ነው፤ ልጅ የሚታመመው የተበላሸውን ዘረመል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በየእርግዝናው የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ከውልደት ጀምሮ የሚታዩ ብዙዎቹ ውርስ የመስማት ችግሮችም በዚሁ መንገድ ይተላለፋሉ። ስለዚህ እናትን ብቻ መውቀስ ከሳይንስም ከፍትሕም የራቀ ነው።

በብዙ የአገራችን ማኅበረሰቦች ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልማዱ ድብቅ ሕመሞች የመገለጣቸውን ዕድል ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀርም። ቆጠራው ወደ ላይ፣ ወደ ቅድመ አያቶች ነው፤ ድብቅ ሕመም ግን ትውልዶችን ዘሎ በእህትማማችና በወንድማማች መካከል ይወጣል። «ከወላጆቻችሁ የታመመ አለ?» ብሎ የሚያበቃ ሐኪም «የለም» የሚል እውነተኛ መልስ ያገኛል፤ ሕመሙ ግን ያመልጠዋል።

ከአንድ ቤተሰብ ልጆች አንዱ ጆሮው እየመገለ ወደ ጆሮ ክፍል፣ ሌላው በሳል ወደ ሕፃናት ክፍል፣ ሦስተኛዋ በቲቢ ጥርጣሬ ወደ ሌላ ክፍል ሊሄዱ ይችላሉ። ካርዳቸው ሦስት ስለሆነ የሚያገናኛቸው ሕመም አይታይም።

ምክረ ሐሳብ

አራት ምልክቶች ዋና ጠቋሚዎች ናቸው፦ ቀኑን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን ላይ የታየ የመተንፈስ ችግር፤ ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት የጀመረ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ እርጥብ ሳል፤ በተመሳሳይ ዕድሜ የጀመረ፣ የማያቋርጥ የአፍንጫ መታፈን፤ የውስጥ አካላት መገላበጥ። የመጨረሻውን በተራ የደረት ራጅ ማየት ይቻላል። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ከተገኙ፣ በተለይ ጆሮው የሚመግል እህት ወይም ወንድም ካለው፣ ልጁ ለተጨማሪ ምርመራ ሊላክ ይገባል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚይዙት የቤተሰብ ማኅደር የአንድን ቤት ሰዎች በአንድ ፋይል ስለሚሰበስብ ለዚህ ምቹ ነው። ስለ ሳል፣ ስለ ጆሮና ስለ መስማት የሚጠይቅ አጭር ቅጽ ቢጨመርበት፣ ሲዳማንና አጎራባች አካባቢዎችን የሚያገለግለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ልጆቹን ሳንባቸው ሳይጎዳ ሊያገኛቸው ይችላል። ዘረመሉን የሚመልስ መድኃኒት ባይኖርም፣ አክታን በየዕለቱ በፊዚዮቴራፒ ማስወጣት፣ ኢንፌክሽንን በጊዜ ማከምና የማዳመጫ መሣሪያ መስጠት የሳንባን ጉዳት ያዘገያሉ፤ የልጁንም ንግግርና ትምህርት ይታደጋሉ።